የኦቦ ዲሪባ ብሩሽ

እቃ አያያዝ የሚያስተምር ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር በዚህ አገር የለም። ጃንጥላህን እርጥቡን ስታጥፍ ያይሃል፤ ቢላዋህን ሳትወለውል ስታስቀምጥ ይደርስብሃል። ሳይጠራ ይመጣል፣ ሳይጠየቅ ያስረዳል፣ ካልታዘዝከው ደግሞ ነጥቆህ ራሱ ይሠራዋል። ቡራዩ ይህን ሹመት ለኦቦ ዲሪባ ሰጥታለች። የክቡርነታቸው ግዛት ሰፊ ነው፤ ዙፋናቸው ግን አንድ የጺም መላጫ ብሩሽ ነበር።

ባለሱቁ አክመል አጥር የሚጋራቸው ጎረቤታቸው ስለሆነ ሥርዓቱን በየማለዳው ወደደም ጠላም ያያል። ኦቦ ዲሪባ ተላጭተው ሲጨርሱ ብሩሹን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፤ የፈላ ውሃ ፀጉሩን ይጨርሰዋል። ከዚያ ጣታቸውን ፀጉሩ ሥር አስገብተው፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ሳሙናውን እያሹ ያወጡታል። መጠምዘዝ ክልክል ነው። ጨበጥ አድርገው ያራግፉታል፣ በንጹሕ ጨርቅ ያደርቁታል፣ በመጨረሻም ፀጉሩን ቁልቁል አድርገው ጥላ ውስጥ ካለ ምስማር ላይ ይሰቅሉታል። "ሥሩን እጠበው፤ ጫፉ ራሱን ያውቃል" ይላሉ፣ ለሚሰማቸውም ለማይሰማቸውም።

የማስተር ፕላኑ ነገር አካባቢውን ባመሰበት በዚያ ዓመት መሬት ለኪዎች መጥተው ከኦቦ ዲሪባ ጓሮ ችካል ተከሉ። መንደሩ በንዴት ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ኦቦ ዲሪባም ወጡ። ማሳቸው ሲለካ ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት፤ ሰውየው ሜትሩን ከነጭቃው ሲጠቀልል ግን መቻል አቃታቸው። መሬቱን ልትወስዱ ቢሆንም ሜትሩን ጠርጋችሁ ያዙት ብለው ጨርቅ አቀበሉት። ሌላ ቀን ፖሊሶች ቤት ለቤት ሲፈትሹ አንዱ ብሩሹን በፀጉሩ ይዞ አነሣው። ኦቦ ዲሪባ ጠመንጃ ያነገተውን ልጅ በእጀታው እንዴት እንደሚያዝ አስተምረው ሸኙት፤ ሰፈሩም በዚያ ጭንቅ መሐል ይህንኑ እያነሣ ሲስቅ ሰነበተ።

አክመል ግን ለመሳቅ አልታደለም። ቆዳው ስስ ነው። የራሱን ብሩሽ ከነሳሙናው ኩባያ ውስጥ ወርውሮ ወደ ሱቁ ይሮጣል፤ ብሩሹ ይሸታል፤ በማግስቱ ሲላጭበት ፊቱ ሽፍ ይላል። ሚንሃ የምትባል ልጅ ለማጨት ከሽማግሌዎች ጋር ወደ ዓለም ገና የሄደ ዕለት ፊቱ እንደዚያ ነበር። አባቷ ሐጂ ሸምሰዲን ሻያቸውን ሳይጨርሱ ልጁ በሽታ አለበት ወይ ብለው ጠየቁ፤ ፊቱ ሳይጠራም ኒካህ እንደማይታሰር ቁርጡን ተናገሩ።

ኦቦ ዲሪባ ይህን ሲሰሙ ያንተን ጣለው፣ በኔ ብሩሽ ተላጭ አሉት። አክመል አመስግኖ ሸሸ። ያ ፀጉር የምን እንደሆነ በምን ያውቃል? የአሳማ ቢሆንስ? እንዳይቀየሙት ፈርቶ አልጠየቀም፤ ጺሙን እንዲያድግ ለቀቀው። ነገሩ የተፈታ መሰለው። ሐጂ ሸምሰዲን ግን የዋዛ አልነበሩም፤ ጺም የሸፈነውን ፊት አላየሁትም፣ የኒካሁ ቀን ተላጭቶ ይምጣና ልየው ብለው ላኩበት።

ቀኑ ተቆረጠ፤ በመሬቱ ነገር የተጠራው አድማም እኩል ደረሰ። ሱቆች ተዘጉ፣ መንገዱ በድንጋይ ታጠረ፣ መብራት ጠፋ፣ ፀጉር አስተካካዮቹም ቆልፈው ገቡ። በዋዜማው አክመል ሲጨንቀው አጥሩ ጋ ቆመ።

"ኦቦ ዲሪባ፣ እንዳይቀየሙኝ። ይሄ ብሩሽ የምን ፀጉር ነው?"

ኦቦ ዲሪባ ትክ ብለው አዩት፤ እጁን ይዘው ወደ ጋጣው ወሰዱትና ከሱሉልታ ያመጡትን የቡላ ፈረሳቸውን ጭራ አስጨበጡት። ብሩሹን ከዚሁ ጭራ ቆርጠው፣ ቀቅለው፣ በክር ጠፍረው የሠሩት ራሳቸው ናቸው።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ የሸሸኸው ከዚህ ፈረስ ነው?" አሉት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሁለቱ በእግር ወደ ዓለም ገና ተነሡ። አክመል ቤት ሳለ እንዲላጩት ቢለምናቸው እምቢ አሉ፤ የተላጨ ፊት ላይ ላብና አቧራ ከወረደ አለቀለት። ብሩሹን በጨርቅ ጠቅልለው በባሕር ዛፉና በእርሻው መሐል ወረዱ። ድንጋይ የደረደሩ ወጣቶች አስቆሟቸው፤ ሙሽራ እንደሆነ ሲሰሙ እያጨበጨቡ አሳለፏቸው። ዓለም ገና ሊገቡ ሲሉ ከአንድ ምንጭ አጠገብ ኦቦ ዲሪባ አረፋውን መትተው ፊቱን ቀቡት፤ በአዲስ ምላጭ ቀስ ብለው ላጩት። አክመል እንዲህ ያለ ልስላሴ ፊቱ ላይ ተሰምቶት አያውቅም። ሼሁ እየጠበቁ ነው ብሎ ቢያጣድፋቸውም ብሩሹ ታጥቦ ውሃው እስኪጠራ ንቅንቅ አላሉም። ሐጂ ሸምሰዲን ቤት ሲደርሱ ከሙሽራው በፊት ቦታ የተፈለገው ለብሩሹ ነበር፤ በረንዳው ላይ ተሰቀለ።

ሐጂ የአክመልን አገጭ ይዘው ፊቱን ወደ ብርሃን አዞሩት። ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ። "ማሻአላህ" አሉ።

ሼሁ የሐጂንና የአክመልን እጅ አጨባብጠው ጀመሩ። "ቀበልኩ" የምትለው ቃል ብቻ ስትቀር አክመል በበሩ አሻግሮ ወደ በረንዳው አየና እጁን መንጭቆ ተነሣ። የሐጂ ፊት ጠቆረ፤ ከሴቶቹ ክፍል የሚንሃ እናት ምን ሆነ ሲሉ ተሰሙ።

አክመል በረንዳው ላይ ወጣ። ፀሐይ የደረሰበትን ብሩሽ በእጀታው ይዞ አወረደው፣ ጣቱን ፀጉሩ ሥር አስገብቶ እርጥበቱን ዳሰሰ፣ ጥላ ያለበት ምስማር ፈልጎ ቁልቁል ሰቀለው። እነዚያን አስቸጋሪ ሽማግሌ ምን ያህል እንደሚወዳቸው የገባው እዚያ ምስማር ሥር ቆሞ ነው። ተመልሶ ተቀመጠና እጁን ለሐጂ ዘረጋ።

"ይቅርታ ሐጂ፣ ፀሐይ ሊመታው ነበር" አለ። ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ "ቀበልኩ" አለ። እልልታው ቤቱን ሞላው።

ከጥግ የተቀመጡት ኦቦ ዲሪባ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አጠገባቸው የነበረ እንግዳ ሙሽራው ምንዎ ነው ብሎ ጠየቃቸው።

"ኢልማ ኮ" አሉ። "ልጄ ነው።"