የጋሽ ዋልተር የጠፈር ጓንት

ኮሮና በገባበት ዓመት ቬጋስ ውስጥ ጓንት ያላጠለቀ ሰው አልነበረም። እናቴማ ሁለት ደርባ ነበር። ክፍል ከምታጸዳበት ካዚኖ ሌይ ኦፍ ተደርጋ ከሥራ ስትቀነስ ሥራውን ቤት ይዛው መጣች፤ ሙዝ ሳይቀር በበረኪና ታጥባለች። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ሌላ ጓንት ነው። ስለ ጠፈር ጓንት። አትሳቁ።

ሰንራይዝ ማነር የሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ በታች ያለው አፓርትመንት ውስጥ፣ ዋልተር የሚባሉ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እናቴ "ጋሽ ዋልተር" ትላቸዋለች። እሷ በአማርኛ፣ እሳቸው በእንግሊዝኛ፤ ግን ይግባባሉ። በወጣትነታቸው የመጀመሪያዎቹን ጠፈርተኞች ልብስ ይሰፉ ነበር። ራሳቸው የሰፉት የልምምድ ጓንት አገልግሎቱ አበቃ ተብሎ ሲጣል ከቆሻሻ መጣያው አንስተው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። ቅርስ እኮ መጀመሪያ ቆሻሻ ነው፤ አንድ የሚያነሳው ሰው ነው የሚፈልገው።

ውስጡ የተለማመደበት ጠፈርተኛ ላብ የተወው ወዝ አለ። አንጓው ላይ ጋሽ ዋልተር በእስክሪብቶ የጻፉት ቁጥር አለ። ዋጋው እዚያ ላይ ነው። ይሄን ሁሉ ከቪዲዮ ነው የተማርኩት። ላስቲኩ ሙቀት አይወድም፣ ፌስታል ውስጥ ከታፈነ ያልበዋል፣ እጅ ከገባበት ስፌቱ ይተረተራል። ለእናቴ በየቀኑ አብራራላት ነበር። እሷም "የተማረ ይግደለኝ" እያለች ታንቀላፋለች።

ጋሽ ዋልተርን ኮሮና ይዟቸው አምቡላንስ ሊወስዳቸው የመጣ ቀን ሳጥኑን ደረጃው ላይ አስቀመጡልኝ። ልጃቸው ከሌላ ስቴት እስክትመጣ እንድጠብቅላት ነው። እኔ ምን አልኳቸው? ጓንቱ ስንት ድርብ እንዳለው ጠየቅኋቸው። ትንፋሽ እያጠራቸው፣ እያሳሉ ቆጠሩልኝ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

በሳምንቱ ሞቱ። ሆስፒታሉ ሰው አያስገባም፤ ልጃቸው በስልክ ነው የተሰናበተቻቸው።

እሷ የምትመጣ ቀን ጠዋት ሳጥኑን ብከፍተው ባዶ። ጓንቱ በረንዳው ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። በቬጋስ ፀሐይ! ወዙ የለም፣ ቁጥሩ የለም፣ ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል። የሟች ልብስ ሳይታጠብ ለዘመድ አይሰጥም፣ ነውር ነው አለችኝ እናቴ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ያን ሁሉ ሳብራራ "አይታጠብም" የምትለዋን ቃል ረስቻት ኖሯል።

ጮኽኩባት። ታሪክ አጠፋሽ አልኳት።

"ገላቸውን ማን አጠበላቸው?" አለች። "እጃቸውን እንኳ ሰው ይጠብላቸው ብዬ ነው።"

ልጃቸው ፓርኪንጉ ላይ ጭምብል አድርጋ ቆማለች። ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ፣ እናቴ ጎን ሸሸሁ። ምን ልበላት? ቅርስ ነበር፣ አሁን ጨርቅ ነው? ሌላ ቃል ስላጣሁ የእናቴን ተረጎምኩላት። ጓንቱን ከሳጥኑ አውጥታ መኪናዋን ተደግፋ አየችው። ከጭምብሉ በላይ ምንም አይነበብም።

ከዚያ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች።

እጅ አይገባበትም እኮ! አፌን ከፈትኩ። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ስፌቱ ሲተረተር ሦስታችንም ሰማነው።

አላብራራሁም።