ቱቦውን ማን ቀበረው?

[ከአሰላ ወረድ ብሎ፣ ወንዝ ዳር ባለ ሰፈር። ጡረተኛው የታሪክ መምህር ጋሼ ግዛቸው ክራቫት አስረው ረዲ ሱቅ ደጃፍ ቆመዋል። የእድሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ብርሃነሽ ቤት ለቤት እየዞሩ “የወንዙን ቱቦ የቀበረው ማነው?” ይላሉ ሲባል ሰምተዋል። ለሰፈሩ መሥራች ሐውልት ባይቆም ምስክር ወረቀት አይቀርም ብለው ልባቸው ተሰቅሏል።]

ረዲ፦ ኧረ ጋሼ፣ እኔ ነኝ እያልኩዎት! በገዛ ዶማዬ ቆፍሬ!

ግዛቸው፦ አንተ? ትላንት ከሁሩታ የመጣህ ሰው? እዚህ ጅብ ብቻ በነበረበት ዘመን የመጀመሪያውን ቆርቆሮ የመታሁት እኔ!

ረዲ፦ ቆርቆሮውን መች ነካሁብዎት? ቱቦውን ነው ያልኩት።

ግዛቸው፦ የዚህ ሰፈር ሥልጣኔ የጀመረው በቱቦ ነው። ሥልጣኔውን ደግሞ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ረዲ፦ የእርስዎ ቤት እኮ ቱቦ የለውም፤ ያለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው።

ግዛቸው፦ [ግራ ቀኝ አይተው] ቀስ በል! ታሪክ በጉድጓድ አይጻፍም።

ረዲ፦ ይቅርብዎት አቦ። ነገሩ ጣጣ ያለው ይመስለኛል። ሽታው ራሱ…

ግዛቸው፦ የሚሸተኝስ ምቀኝነትህ ነው! ያን ሁሉ ዘመን ሳስተምር አንድ ቀን እንኳ ስሜ ተጠርቶ አልተጨበጨበልኝም። [ድምፃቸው ሰለለ] ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ ጃንጥላ ነው። እሱንም የጭላሎ ነፋስ ገለበጠው።

ረዲ፦ በቃ… ይህን ያህል ካማረዎት ይውሰዱት።

ግዛቸው፦ ሰው ፊት አፍህን እንዳትከፍት። ታሪክ እንዳታበላሽብኝ!

ረዲ፦ ወላሂ አልከፍትም።

[ወይዘሮ ብርሃነሽ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ደረሱ።]

ብርሃነሽ፦ እንደምን ዋላችሁ። ያንን ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቱቦ የቀበረው…

ግዛቸው፦ እኔ! በገዛ ዶማዬ!

ብርሃነሽ፦ ጋሼ ግዛቸው? እርስዎ?

ግዛቸው፦ ረዲን ይጠይቁት!

[ረዲ አፉን በመዳፉ ከደነ።]

ግዛቸው፦ አክብሮኝ ነው ዝም ያለው።

ብርሃነሽ፦ ተመስገን! የሚያምን ሰው ጠፍቶ ስንዞር ነው የከረምነው። በሉ ጋሼ፣ ፍሳሹን ወንዛችን ላይ የለቀቀ ሰው እሁድ ሕዝብ ፊት ራሱ ቆፍሮ ቱቦውን እንዲያወጣ እድሩ ወስኗል። አይዞዎት፣ ስምዎ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ ስላመኑም እናጨበጭባለን።

[እያመሰገኑ ሄዱ። ጋሼ ግዛቸው ክራቫታቸውን አላሉ።]

ግዛቸው፦ ረዲ! ተከትለህ ንገራቸው እንጂ! ቱቦው ያንተ አይደል?

ረዲ፦ እኔ ትላንት ከሁሩታ የመጣሁ ሰው ምን አውቄ ጋሼ? ዶማዬን ግን አውስዎታለሁ፤ ቦታውን ያውቀዋል።