ፊልሙን ትናንት ያየው ሰው

ሲኒማ ቤት ገብቶ ከኋላው «አሁን ነው የሚገድለው!» የሚል ሰው ያልገጠመው ኮሪያዊ ገና አልተወለደም። የእኔው ግን ከጎኔ ነበር የሚቀመጠው፤ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ ክቡር አቶ ኖ ጓንግ-ሺክ፣ የጆንጁ ከተማ ሲኒማ ቤቶች ማንም ያልሾመው ነቢይ።

ትንቢቱ ምስጢር አልነበረውም፤ ፊልሙን ትናንት አይቶታል። ዛሬ የሚመጣው እኛን ለማየት ነው። ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ጥብስ እያኘከ፣ አዳራሹ በሳቅ ሲያውካካ፣ «ሳቁ፣ ሳቁ! ግድ የለም፣ ታገኟታላችሁ» ይላል። እውነቱን ነበር። የእኛ ፊልም በሳቅ ያስገባህና መሃል ላይ ሬሳ ያሳይሃል፤ ሬሳው ሙት መንፈስ ሆኖ ይነሳል፤ መንፈሱን ፈርተህ ሳትጨርስ እናትህን አስታውሶህ ያስለቅስሃል።

አንድ ቀን ከፊታችን የነበረች ሴትዮ ዞረችበት። «ስማ አንተ ሰውዬ፣ የከፈልነው ላንተ ነው ለፊልሙ?»

«ለፊልሙ ነው እመቤቴ። የእኔ በነጻ ነው።»

እኔ ታናሽ እህቱ የፊልም ማኅደር መዝጋቢ ነኝ። ቅጻችን ላይ «የፊልሙ ዓይነት» የምትል አንዲት ጠባብ መስመር አለች። አንዱን ፊልም «ኮሜዲ» ብዬ ስሞላ ጓንግ-ሺክ በትከሻዬ በኩል አየና፣ «እስከ ስንተኛው ደቂቃ?» አለኝ። ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ሰዓት ይዤ ደግሜ አየሁት፤ እስከ አርባ አንደኛው ደቂቃ ኮሜዲ፣ እስከ ሰባ ስምንተኛው ወንጀል፣ ከዚያ ወዲያ ለቅሶ። እንደዚያው ጻፍኩ። አለቃዬ ቅጹን መለሱልኝ፤ ጓንግ-ሺክ ግን ወሬውን ለአገር ምድሩ አዳረሰልኝ።

ባለፈው መኸር ሆስፒታል እንደተኛ፣ ሲጠብቀው የኖረው ፊልም ወጣ። ሐኪሙ ለእኔ ብቻ «ከሳምንት አያልፍም» ብሎኝ ነበር። መጨረሻውን ቀድሞ ሲነግረኝ ለኖረ ሰው፣ በተራዬ አይቼ ልነግረው ሲኒማ ቤት ሄድኩ።

ፊልሙ ስለ አንድ ኑድል ሻጭ አባት ነው። ሁለት ሰነፍ ልጆቹ ያስቃሉ፤ ከዚያ ጎረቤት ይገደላል፤ አባትየው የልጆቹን ጥፋት በራሱ ወስዶ ይታሰራል። በመጨረሻ ተፈትቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ልጆቹ ማዕድ አቅርበው እየጠበቁት፣ አውቶቡስ ውስጥ ይሞታል።

በማግስቱ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሁሉን በቅደም ተከተል ነገርኩት። አውቶቡሱ ጋ ስደርስ ወሬዬን ትቼ ብርድ ልብሱን ማስተካከል ጀመርኩ።

«እሺ? ቤቱ ደረሰ?»

በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አንዲት የሐሰት ቃል አስፍሬ አላውቅም። «ደረሰ፣ ወንድም ጋሼ። ከልጆቹ ጋር እራት በላ።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «ውሸታም! የእኛ ሰው ፊልም እንዲህ አይጨርስም።»

ወዲያው ግን አንገቱን ወደ እኔ አዘነበለ።

«ለመሆኑ ምን በሉ?»

«የአኩሪ አተር በቆልት ሾርባ። ትኩስ ሩዝ። ከፍጅል ጋር የተቀቀለ ዓሣ።»

«አጥንቱን ማን ለቀመለት?»

«እህቱ።»

«ቅድም እህት እንዳለችው አልነገርሽኝም።»

«አሁን ነው የመጣችው።»

ፈገግ አለና ዓይኑን ጨፈነ። «በይ ቀጥይ፤ ቀስ ብለሽ» አለኝ።