መስኮቱን ማን አስከፈተኝ?

አፍሪካ ሞቃት ናት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በሐምሌ ወደ ኬንያ፣ ወደ ካሳራኒ ሰፈር አምጡና እኔ ቤት አስቀምጡልኝ። ፀሐይ የለም። ሲሚንቶው ከእግር ጥፍር ጀምሮ ሙቀታችሁን ይመጥጠዋል።

እኛ ሐበሾች ደግሞ ንፋስ እንፈራለን። ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ እኔ መስኮት እዘጋለሁ፣ አጠገቤ ያለው ኬንያዊ ይከፍታል፤ እንዲሁ ስንዘጋና ስንከፍት ከተማ እንደርሳለን። ባለቤቴ ዘውዴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከእኔም ትብስ ነበር። ራሷን ካመማት ንፋስ ነው። ወጡ ካረረም ንፋስ ነው። በትዳራችን ከሰማሁት ቃል ሁሉ የሚበዛው «ዝጋው» ነው።

ታዲያ ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጄ ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር ሥራ ላይ ሳለች፣ በረንዳ ላይ ባቄላ የቀቀልኩበትን የከሰል ምድጃ ወደ ሳሎን አስገባሁት። ጭሱ እስኪጠፋ ጠብቄ ነው፤ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። መስኮቱን ዘጋሁ። በበሩ ሥር ጋቢዬን ወተፍኩ። ሙቀቱ ከጉልበቴ ወደ ደረቴ ወጣ። እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ። ከዚያ ራሴ ከበደኝ። እጄን ላነሳ ብል የሌላ ሰው እጅ ሆነብኝ።

ያኔ ከመኝታ ቤት የዘውዴ ነጠላ ጫማ ሸርተት ሸርተት ሲል ሰማሁ። መጥታ ከወንበሬ ጀርባ ቆመች።

«ክፈተው» አለች።

ብርድ ይመታኛል አልኳት። አንቺው አይደለሽም እንዴ ያስተማርሽኝ?

«ክፈተው አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ።»

ባል ነኝና ታዘዝኩ። በዳዴ ሄጄ ከፈትኩና እዚያው መስኮቱ ላይ ተንጠለጠልኩ። ፊት ለፊት የምትኖረው ማማ ንጄሪ አይታኝ ኖሮ በሩን ገፍታ ገባች፤ ምድጃውን አወጣችው። ምዜ፣ አንተ ሽማግሌ፣ በዝግ ቤት ሰው የሚገድለው ይኸው የማይጨሰው ከሰል ነው፣ ቀስ አድርጎ ያስተኛል ብላ እንደ ልጅ ተቆጣችኝ።

ልጄ ስትሰማ አለቀሰች። ያዳነችህ እማዬ ናት አለች። የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻችንም እንዲሁ አሉ፤ እልልም ተባለ። እኔ ግን ዘውዴን አውቃታለሁ። ዘውዴ በሐምሌ መስኮት ክፈት ትላለች? ገነት ገብታም አትለውም። ታዲያ ከጀርባዬ የቆመው ማን ነበር?

ከዚያ ወዲህ ከሰል ቤት አይገባም። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ እተኛለሁ። ጠዋት ስነሳ ግን ተዘግቶ አገኘዋለሁ። ልጄን ብጠይቃት እኔ አልነካሁትም ትላለች።

ይሄኛው እንኳ አያጠራጥርም። ዘውዴ ናት።