የቅበላው ዝልዝል

"መልሺው! ይሄ ሽንጥ አይደለም!"

አጎቴ ጋሼ ደምሴ ሦስተኛውን ሳህን ዝልዝል ጥብስ ወደ አስተናጋጇ ገፋው።

"ጋሼ፣ እባክህ ዝም ብለህ ጀምርልን፤ ነገ ሁዳዴ ይገባል" አለች ታናሽ እህቱ፣ ማለትም እናቴ። ለሃምሳ አምስት ቀን የምትሰናበተውን ሥጋ ልትበላ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሆዷን ባዶ አድርጋ ወሰን ሰፈር ካለው ሥጋ ቤት ድረስ መጥታለች።

በእናንተስ ዘመዶች መካከል ሥጋ አዋቂ የለም? ሥጋ አዋቂ ማለት ዶሮ እንኳ ሳያርድ የበሬውን የዘር ሐረግ ከጥብሱ ላይ የሚያነብ ሰው ነው። አጎቴ የመጀመሪያውን ሳህን፣ መንጃ ፈቃድ እንደሚመረምር ትራፊክ አገላብጦ አይቶ "ይጠነክራል" ብሎ መለሰው። ሁለተኛውን አሽትቶ "ይሄ በከሰል አልተጠበሰም፤ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው የሚሸተኝ" አለ። ቀበሌያችን እንኳ እንዲህ ያለ ግምገማ አካሂዶ አያውቅም። ጥብሱ ግለ ሂስ ማድረግ ብቻ ነው የቀረው። እኛም ታላቅ ሳይጀምር አይበላምና፣ እጃችንን ታጥበን ደረቅ እንጀራ እያየን ተቀመጥን።

አስተናጋጇ ባዶ እጇን ተመለሰች።

"አባባ፣ ይቅርታ፣ ሥጋ አልቋል። እርስዎ የመለሷቸውንም እነዚያ ጥግ ያሉት በልተው ጨርሰዋቸዋል።"

ጥግ ያሉት ሰዎች አፋቸውን እየጠረጉ በአክብሮት ከወንበራቸው ብድግ አሉልን።

"አላልኳችሁም?" አለ አጎቴ። "ደህና ቤት ቢሆን ሥጋ ያልቅበታል?"

እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

"ጋሼ፣ እስከ ፋሲካ ካንተም ጾሜያለሁ!"

ወጣች። በሩ ከኋላዋ ድርግም ብሎ ተዘጋ።