በግለ ሂስ የሚያልቅ ጸሎት

ልጆችን በጧት ቀስቅሶ ቀኑን በጸሎት ማስጀመር ደግ ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔ ግን ይህን ምክር የሚለግስ ሰው በገጠመኝ ቁጥር "የሚያጸልየውስ ማን ነው?" ብዬ መጠየቅ ይቀናኛል። በአንዳንዱ ቤት እኮ እግዜር የሚጠራው ለምስክርነት ነው። የቤቱ አዛዥ ከልጆቹ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ሲያቅተው ዓይኑን ጨፍኖ በእግዜር በኩል ይነዘንዛቸዋል። "ጌታ ሆይ፣ ስኳሩን ማን እንደላሰው አንተ ታውቃለህ!" ይላል። እግዜር ሥራ የፈታ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ መሰለው እንዴ?

በደርግ ጊዜ ናዝሬት የነበረው ቤታችን እንዲህ ያለ ቤት ነበር። አባባ የአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ ነው። ከሰዓት በኋላ በውይይት ክበብ ተገኝቶ እግዚአብሔር የሚባል ነገር እንደሌለ ያስረዳል። በነጋታው ደግሞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በዚያ የናዝሬት ሙቀት፣ መስኮቱን ጠርቅሞ ሁለት ሴት ልጆችና አንዲት ሚስት አሰልፎ አቡነ ዘበሰማያት ያስደግማል። ሁለቱንም ከልቡ ነበር የሚያደርገው ብዬ ልከራከርለት ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልቻልኩም።

ጸሎቱ ደግሞ! ስብሰባ ለምዶበት ጸሎቱንም ስብሰባ አደረገው። መክፈቻ አለው፣ አጀንዳ አለው፣ መዝጊያው ላይ ደግሞ ግለ ሂስ አለው። ላልደረሳችሁበት ልንገራችሁ፤ ግለ ሂስ ማለት በዚያን ጊዜ ሰው በጉባኤ መሐል ቆሞ የገዛ ጥፋቱን የሚዘረዝርበት ሥርዓት ነው። እኔ በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ በባዶ ሆዴ፣ "ጌታ ሆይ፣ ትናንት እማዬ ስትቆጣኝ ስለመለስኩባት ግለ ሂሴን አቀርባለሁ" እል ነበር። አባባ ግን አንድም ቀን የራሱን አቅርቦ አያውቅም። ሰብሳቢ ነዋ! እማዬ ሻይ ጥዳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ አጠገብ ትቆምና ሻዩ ፈልቶ እስኪገነፍል ታዳምጣለች።

ታናሽ እህቴ ሰብለ ሰባት ዓመቷ ነበር። አንድ ሰኞ ትምህርት ቤታቸው አንድ ካድሬ መጣና ስለ አብዮታዊ ሥነ ምግባር ሲያስተምር ውሎ "ግለ ሂስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አለ?" ብሎ ጠየቀ። ከክፍሉ ሁሉ እጇን ያወጣችው የኛዋ ሰብለ ብቻ ናት። ተነሣች፣ አማተበች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

"ጌታ ሆይ፣ ትናንት የቀበሌውን ስኳር ልሻለሁ። ለዘላለሙ አሜን።"

"ይህን ማን አስተማረሽ?"

"ቤት ነው። ጧት ጧት እንጸልያለን።"

እናንተ ሳቁ። እኛ ቤት የሳቀ አልነበረም። አባባ የፓርቲው ዕጩ አባል ስለነበር እንኳን ዕጩነቱ፣ ሥራውም ራሱም አደጋ ላይ ወደቁ። ለሐሙስ ቤተሰቡ በሙሉ ቀበሌ ተጠራ። እማዬ ይታሰርብኛል ብላ ሦስት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። ለማን ብላ እንደተራበች ሳስበው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሐሙስ ዕለት እኔና ሰብለ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል። አባባ ተነሣ፣ ኮቱን ቆለፈ።

"ጓዶች፣ ጥፋቱ የባለቤቴ ነው። ኋላ ቀር አስተሳሰብ አልለቀቃትም። በቤታችን ጸሎት የምትመራው እሷ ናት፤ እኔ በትዕግሥት እያስተማርኳት ነው።"

ሰብለ "ውሸት!" ልትል ስትል አፏን በእጄ ያዝኩት። እማዬ ቀና ብላ አየችው። አንድ ቃል ብትተነፍስ አለቀለት።

"እውነት ነው፣ እኔ ነኝ" አለች።

ይኸው ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት። እማዬ ሦስት ወር በየቅዳሜው የንቃት ትምህርት እንድትከታተል ተወሰነ። አባባ ለትዕግሥቱ ተመሰገነ። ለትዕግሥቱ!

በነጋታው ታዲያ አባባ ያፍራል ብላችሁ ነው? ወይ ማፈር! ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ቀሰቀሰን፣ አሰለፈን፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። "በስመ አብ" ሊል አፉን ሲከፍት እማዬ በሩን ለቅቃ መጥታ መሐል ቆመች።

"እርስዎ ከልጆቹ ጋር ይቁሙ" አለችው።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"በዚህ ቤት ጸሎት የምመራው እኔ ነኝ። ትናንት በቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ ማኅተም አለው። ስሕተት ካለው ዛሬውኑ ሄጄ ላስተካክለው?"

አባባ እኔን አየኝ፣ ሰብለን አያት። ከዚያ እየተጎተተ መጥቶ ከሰብለ ጎን ተሰለፈ። እማዬ አቡነ ዘበሰማያትን አንዴ ደገመች። ማንንም ለእግዜር አላሳጣችም። አሜን ስንል ሻዩ ገና አልፈላም ነበር።