ገጹ ከሽማግሌዎቹ ቀደመ

ትልልቆቹ ሲያወሩ፣ ወሬ ድሮ በእግሩ ይሄድ ነበር ይላሉ። ከሐራ የተነሳ ወሬ መርሳ እስኪደርስ ያልበዋል፣ ይጠማዋል፣ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ይላል፤ ሲያርፍም የሚነገረውን ከማይነገረው የሚለዩለት ሰዎች ያገኙታል። ክፉ ወሬ ደግሞ ብቻውን አይላክም ነበር፤ ሽማግሌ ይዞት ይመጣል። ዛሬ እግርም ሽማግሌም አያሻውም። ጣት ይበቃዋል። ስልክ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ፤ ልጄ ባስነጠሰች ቁጥር ጤና ጣቢያ የምደውል ሴት ስልክ እጠላለሁ ብል ማን ያምነኛል? የምፈራው ጣት ከልብ ሲቀድም ነው። ቀድሞ አይቻለሁና።

እዚህ መርሳ የበጎ ፈቃድ ማኅበር አለን። እኔም አባል ነኝ። የአቅመ ደካሞች ቤት ሲጠገን ጭቃ የምናቦካው፣ ግድግዳ የምንለስነው እኔና መሰሎቼ ነን። ወንዶቹ ቆርቆሮ ይመታሉ፣ ከዚያ ፎቶ ይነሳሉ። አምና ማኅበሩ የኢንተርኔት ገጽ ከፈተና ቤቱ ከመጠገኑ በፊትና ከተጠገነ በኋላ ጎን ለጎን እየተደረገ ይለጠፍ ጀመር። ገጽ ካለ ደግሞ መመሪያ ያስፈልጋል ተባለ።

ጸሐፊያችን ይርጋ ሲሪንቃ የሚሠራ ጥንቁቅ ልጅ ነው። ረጅም ወረቀት ይዞ መጥቶ አነበበልን። እርዳታ የተደረገለት ሰው ፊቱ ታይቶ አይለጠፍም። ጥሩ ነው። የማኅበሩን አርማ መለጠጥ ክልክል ነው። ይሁን፣ ማን ሊለጥጠው። በማኅበሩ መልእክት መለዋወጫ ላይ በግ መሸጥ አይፈቀድም። ይቺን ስንሰማ ሁላችንም ወደ አንድ ሰውዬ ዞርን፤ እሱም «አንዴ ነው፣ እሱም ሙክት ነበር» አለና አሳቀን። አንድ ነገር ሲለጠፍ ከገጹ ሦስት ኃላፊዎች ሁለቱ ይስማሙ፣ የተለጠፈ ሲነሳ ግን ሦስቱም ይስማሙ። በመጨረሻም፣ አባል ወይም የአባል ዘመድ ሲሞት የሐዘን መግለጫው ሳይውል ሳያድር ይለጠፍ። ይህ የገባው አንዱ አባል አባቱ ሞተውበት ማኅበሩ ዘግይቶ ስላዘነ በመቀየሙ ነው። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። እኔም አወጣሁ። መቸኮል ማክበር መስሎኝ።

ከሦስቱ ኃላፊዎች አንዱ ጌታነህ ነበር፤ የጎረቤቴ የእትዬ ብርቄ ልጅ። ወልድያ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ በየሳምንቱ ለማኅበሩ ሥራ ሲመጣ ጥፍሩ ውስጥ ግራሶ እንዳለ ነው የሚመጣው። እትዬ ብርቄ ፊደል አልቆጠሩም። ትልቁን ስልክ የገዛላቸው እሱ ነው፣ ገጹ ላይ ሲወጣ እንዲያዩት ጣታቸውን ይዞ ያስለመዳቸውም እሱ። ፎቶውን እሳቸው ያያሉ፣ ጽሑፉን እኔ አነብላቸዋለሁ። አነባለሁ ስላችሁ ግን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ነኝ፤ ምስር ውስጥ ያለ ጠጠር እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ ነው የምሄደው። እሳቸው ግን ችኩል አይደሉም። «ቀስ በይ አስኩ፣ የልጄ ስም እስኪደርስ እጠብቃለሁ» ይሉኛል።

አንድ የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ጋሽ እሸቱ በጓሮ በኩል መጡ። የቅሬያችን ዳኛ ናቸው፤ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ ነው የምንለው። የቅሬ ዳኛ በጓሮ ከመጣ ደግ ነገር አልያዘም።

«ልጄ፣ ዋይ እንዳትዪ» አሉኝ። «ጌታነህ የለም።»

ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ የቆመ መኪና ሊጠግን ሄዶ ነው። ከሥሩ ገብቶ ሳለ ክሪኩ ከዳው። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩት።

«አስከሬኑ ማታ ወልድያ ይገባል» አሉ። «ነገ ማለዳ ሄደን እናቱን እናረዳታለን። እስከዚያ አንቺ ከሷ አትለዪ። ፊትሽንም ታጠቢ።»

ለምን በማለዳ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ሰው እንቅልፉን ጠግቦ፣ ጎረቤት ቤቱን ከቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው መርዶ የሚነገረው። እናት ብቻዋን ቆማ የልጇን ሞት አትሰማም። ሕጉ የተጻፈበት ወረቀት የለም፤ ተጥሶ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ፊቴን ታጠብኩ። ልጄን አዝዬ ወደ እሳቸው ልሄድ ስል፣ እሳቸው ስልካቸውን ይዘው እየሳቁ ገቡ።

«አስኩ፣ ልጄ ወጥቷል! ለብቻው ነው ያወጡት። ምን ይላል?»

አየሁት። ጌታነህ የማኅበሩን ካናቴራ ለብሶ ይስቃል፣ ከጎኑ አንዲት ሻማ በርታለች። ጽሑፉን መልቀም አላስፈለገኝም፤ «ነፍሱን» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ዘላ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ልጄን እንዳዘልኩ ግድግዳውን በእጄ ያዝኩ። ከዚያ አፌ፣ እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ እንዲህ አለ፦

«‹ወንድማችን ጌታነህ ለማኅበሩ ላደረገው መልካም ሥራ ሁሉ፣ ለደግነቱና ለትጋቱ፣ ከልብ እናመሰግነዋለን› ይላል።»

«ሻማዋስ?»

«ጌጥ ናት።»

እልል አሉ። እናንተዬ፣ እልልታ ሰምቼ እንደዚያ ቀን አልቅሺ አልቅሺ ብሎኝ አያውቅም። «በይ ገበያ ወርጄ ለሴቶቹ ላሳይ» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ገበያው ውስጥ ስንቱ ማንበብ ይችላል! አንዱ አይቶ «ነፍስ ይማር» ቢላቸው፣ እዚያ ሽንኩርት መሐል፣ ሰው እየተጋፋቸው ሊሰሙት ነው።

«ልጄን አተኮሳት» አልኩ። በልጅ ሕመም አይዋሽም፤ የሰማው ሰይጣን እውነት ያደርገዋል ብዬ ነው የምፈራው። ግን ሌላ አልመጣልኝም። እትዬ ብርቄ ወዲያው ነጠላቸውን አወረዱ፣ ልጄን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስተኙ። እኔ «ስልክዎ ባትሪው አልቋል፣ ልሰካልዎት» ብዬ አጠፋሁትና ከቤት ጀርባ ሄጄ በራሴ ስልክ ይርጋ ጋ ደወልኩ።

«ይርጋ፣ አንሳው!»

«ምኑን?»

«ጌታነህን! ከገጹ ላይ አንሳው። እናቱ እኮ አልተረዱም!»

ከዚያ የሰማሁት ድምፅ የሕፃን እንጂ የጸሐፊ አይመስልም ነበር። «ሳይውል ሳያድር ነው የሚለው ብዬ… ጓደኛዬ አይደል፣ እንዳይዘገይበት ብዬ ነው። ለማንሳት ደግሞ ሦስታችንም መስማማት አለብን። እኔና ሊቀመንበሩ ብንስማማ እንኳ፣ ሦስተኛው…»

«ሦስተኛው ማነው?»

ሦስተኛው ጌታነህ ነበር።

ሁላችንም ልብ ሳንለው፣ ለካ መመሪያችን ሙት ፈቃድ ይስጥ ይላል። ይርጋ ማልቀስ ጀመረ። «አነሳዋለሁ» አለ፣ «መመሪያው ያባርረኝ።» አነሳው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከገጹ ቢነሳ ከስንቱ ስልክ ይነሳል? እስኪመሽ በሩ ላይ ተቀምጬ፣ ፊቱን ከስክሶ የመጣውን ሁሉ በዓይኔ እየገሰጽኩ መለስኩ። ቤት ውስጥ እትዬ ብርቄ ጤነኛዋን ልጄን እሹሩሩ ይላሉ። በየመሐሉ ገብቼ ግንባሯን እነካለሁ፤ ውሸቴ ይዟት እንደሆነ ብዬ።

ማለዳ ሽማግሌዎቹ መጡ። እኛ ሴቶቹ በጓሮ ቆመን ነበር። የሆነውን አልጽፈውም።

ከሰባተኛው ቀን በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ እትዬ ብርቄ እግራቸው ሥር ቁጭ ያልኩትን እኔን ዝቅ ብለው አዩኝ። ዋሽቼዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «አንቺ ሁልጊዜ እየተደናቀፍሽ ነው የምታነቢው። ያን ቀን እንደ ቄስ ተማሪ አንበለበልሽው። እዚያው ነው ልቤ የራደው።»

«ታዲያ እልል አሉ እኮ!»

«እልል ካልኩ ውሸት ይሆናል ብዬ ነዋ። እስኪነግሩኝ ድረስ ምናልባት አለ። ደግሞ ሕፃኗ ጭኔ ላይ ነበረች፣ የት ልውደቅ?» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉት። «መርዶዬን እንደ ወጉ ልቀበለው ብዬ ጠበቅኳቸው።»

ለካ እኔ እሳቸውን ስጠብቅ፣ እሳቸው እኔንም ልጄንም ሽማግሌዎቹንም ሲጠብቁ ነበር ያደሩት።

ማኅበሩ ተሰበሰበ። ጋሽ እሸቱ ተጠርተው መጡ፤ ስለ ኢንተርኔት ሊመክሩ ነው ሲባሉ ጋቢያቸውን ሁለቴ አስተካከሉ። አዲስ አንቀጽ ተጻፈ፦ የሐዘን መግለጫ የሚለጠፈው ሽማግሌዎቹ ከለቅሶው ቤት ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ቤተሰብ አንሱልን ካለም የማንም ፊርማ ሳይጠየቅ ይነሳል። አንዱ ወጣት እጁን አውጥቶ «በስንት ሰዓት ውስጥ ነው የሚመለሱት? ይጻፍ እንጂ» አለ።

ጋሽ እሸቱ አሰቡ፣ አሰቡና «ልጄ፣ እኔ ሰዓት ቆጥሬ አርድቼ አላውቅም» አሉ። ይርጋ እንዳለ ጻፈው፤ ሰዓት የሌለው አንቀጽ ይኸው አለን።

ወልድያ ያሉት መሰል ማኅበር አባላት አሁን ይቀልዱብናል። «እናንተ መርሳዎች አገር ሁሉ አልቅሶ ሲጨርስ ነው ገጻችሁ የሚያዝነው» ይሉናል። እውነታቸውን ነው።

እንዘገያለን።